ጄኔሬተሩ ሲቆም በኮክፒት ውስጥ የሚቀረው ብርሃን

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከብስራተ ገብርኤል ብዙም ሳይርቅ፣ «ኦልድ ኤርፖርት» ተብሎ የሚጠራ ሰፈር አለ። ዛሬ ይህ ስም ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የመኖሪያ ቤቶቹ አጥር እንጂ አውሮፕላን አይደለም። ይሁን እንጂ ሰፈሩ ስሙን የወረሰው ከልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዚህ ማረፊያ ዘመን ሲሆን፣ አውሮፕላኑም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ዳግላስ ሲ-47 ነበር። (የክፍለ ከተማው ስምም ቢሆን ከቴክኖሎጂ ታሪክ የራቀ አይደለም፤ «ንፋስ ስልክ» የሚለው ቃል ሽቦ አልባው መገናኛ ለአገራችን እንግዳ በነበረበት ጊዜ የተሰጠው ስም ነው።)

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በማረፊያው ላይ ሳይሆን፣ በዚያ ዘመን አውሮፕላኖችና በዛሬዎቹ ጄቶች መካከል ባለ አንድ ልዩነት ላይ ነው። ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል፦ አውሮፕላን በሌሊት እየበረረ ሳለ ጄኔሬተሮቹ ሁሉ ሥራ ቢያቆሙ፣ በአብራሪዎቹ ፊት ያለው የመሣሪያ ሰሌዳ ይበራል ወይስ ይጨልማል? «ባትሪ ስላለ ይበራል» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የባትሪ መኖር አንድ ነገር ነው፤ መብራቱ ከዚያ ባትሪ ጋር በሽቦ መገናኘቱ ግን ሌላ ነገር ነው። የትኛው አምፖል ከየትኛው መስመር ጋር እንደሚያያዝ የሚወስነው መሐንዲስ፣ በክፉው ሰዓት አብራሪው ምን ማየት እንደሚችል ከብዙ ዓመታት በፊት ወስኖ አስቀምጦታል ማለት ይቻላል።

ከአንድ መስመር ወደ ብዙ መስመር

እንደ ሲ-47 ባሉ አውሮፕላኖች ላይ የኤሌክትሪኩ ነገር ከመኪና ኤሌክትሪክ ብዙም አይለይም ነበር። ሞተሮቹ የሚያሽከረክሯቸው ጄኔሬተሮች ቀጥተኛ ፍሰት፣ ማለትም ዲሲ ያመነጫሉ፤ ባትሪዎቹም በዚያው መስመር ላይ ተያይዘው ይሞላሉ። ባለ 24 ቮልት ባትሪ እንዲሞላ የጄኔሬተሩ ቮልቴጅ ከእርሱ ከፍ ማለት ስላለበት መስመሩ ወደ 28 ቮልት ገደማ ይይዛል። ጄኔሬተሩ ቢቆም በመብራቱ ላይ የሚታየው ለውጥ መደብዘዝ ብቻ ነው። ሰሌዳው፣ ሬዲዮውና ባትሪው ሁሉም በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉና የሚያስተረጉም አያስፈልግም።

ከዚህም ሌላ በዚያ ዘመን በነበሩ ብዙ አሜሪካ ሠራሽ አውሮፕላኖች ላይ የመለኪያ መሣሪያዎቹ ቁጥርና ቀስት ራዲየም በተቀላቀለበት ቀለም ይቀባ ነበር። ከራዲየሙ የሚወጣው ጨረር ዚንክ ሰልፋይድ የተባለውን ውህድ እየመታ አረንጓዴ መሳይ ብርሃን ያሰጠዋል። ሰሌዳውን በአልትራቫዮሌት መብራት ሲያበሩት ደግሞ ቀለሙ ይበልጥ ይፈካል። ይህ ብርሃን ደካማ ቢሆንም አንድ ታላቅ ጠባይ ነበረው፦ ኤሌክትሪክ ፈጽሞ አይፈልግም። መጥፎ ጎኑም ግልጽ ነው። ራዲየም ለቀቢዎቹና ለጠጋኞቹ ጤና አደገኛ ነው፤ በዚያ ላይ ግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት ያህል ቢሆንም፣ ጨረሩ ራሱ ዚንክ ሰልፋይዱን እያበላሸው ቀለሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይፈዛል። ስለዚህም ከአገልግሎት ወጣ።

አየር መንገዱ በ1955 ዓ.ም. በቦይንግ 720 የጄት አገልግሎት ሲጀምር የልደታ ሜዳ አጥሮ ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ። ከማኮብኮቢያው ርዝመት ጋር አብሮ የተለወጠ፣ ብዙ ሰው የማያነሣው ሌላ ነገርም ነበር፤ እርሱም የኤሌክትሪኩ ዓይነት ነው። ትላልቆቹ ጄቶች ዋና ኃይላቸውን በተለዋዋጭ ፍሰት፣ ማለትም በኤሲ፣ በ115 ቮልትና በሰከንድ 400 ዙር ያመነጫሉ። ምክንያቱ ክብደት ነው። ለተመሳሳይ ኃይል ቮልቴጁ ከፍ ሲል የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል፤ ሽቦውም ይቀጥናል። የዙሩ ብዛት በቤታችን ካለው 50 ወደ 400 ከፍ ሲል ደግሞ ትራንስፎርመሮችና ሞተሮች በጣም አነስ ባለ ብረት ይሠራሉ።

በኤሲ ዘመን የሰሌዳ መብራትም ተለወጠ። ከእያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥና ከማብሪያ ማጥፊያዎቹ ጽሑፍ ጀርባ ቁጥራቸው የበዛ ጥቃቅን አምፖሎች ተተከሉ። ብዙዎቹ ከ115 ቮልቱ በትራንስፎርመር ወርዶ የሚደርሳቸው 5 ቮልት ብቻ ነው። ለምን 5 ቮልት? የአምፖሉ ኃይል አንድ ሆኖ ቮልቴጁ ሲያንስ በክሩ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ስለሚጨምር፣ ክሩ ወፍራምና አጭር መሆን ይኖርበታል። ወፍራምና አጭር ክር ደግሞ የሞተርን ንዝረት ይችላል። ዘዴው ብልህነት ያለበት ነው፤ ነገር ግን ዋጋ አስከፍሏል። ትራንስፎርመር በዲሲ አይሠራም፤ ባትሪ ደግሞ የሚሰጠው ዲሲ ብቻ ነው። ስለዚህ ጄኔሬተሮቹ ሁሉ ሲቆሙ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ እንኳ፣ እነዚያ ሁሉ ጥቃቅን አምፖሎች ይጠፋሉ።

መፍትሔው ኢንቨርተር ነው። ዲሲን ወደ ኤሲ የሚለውጠው ይህ መሣሪያ በከተማችን የመብራት መቋረጥ ምክንያት ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። በቤቱ ኢንቨርተር ያለው ሰው የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደማይሰካበት ሁሉ፣ የአውሮፕላን ነዳፊዎችም ከባትሪው የሚመጣውን ትንሽ ኤሲ ለመብራቶቹ ሁሉ አያድሉትም። የኤሌክትሪክ መስመሮቹን በደረጃ ይከፋፍሏቸዋል፦ ተራው መስመር ከጄኔሬተሩ ጋር ይሞታል፤ ተጠባባቂው መስመር ከባትሪና ከኢንቨርተር ይመገባል፤ አንዳንዱ ደግሞ በቀጥታ ከባትሪው ጋር የታሰረ ነው። ቦይንግ 737ን ብንወስድ፣ ዋናው ኃይል ሲቋረጥ ከባትሪ የሚበሩት የጣሪያው ነጭ መብራት፣ የተጠባባቂው ማግኔታዊ ኮምፓስ መብራት፣ በመሣሪያ ሰሌዳው ላይ ብርሃን የሚረጩት የአደጋ ጊዜ መብራቶችና የተመረጡ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ናቸው። የተቀረው ሰሌዳ ከውስጡ አይበራም፤ ከላይ በሚወርድበት ብርሃን ይነበባል።

አራት ደቂቃ

ይህ የመስመር ክፍፍል የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያሳየው አደጋ የደረሰው ጥር 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ነው። የዩናይትድ ኤርላይንስ በረራ ቁጥር 266፣ ቦይንግ 727፣ ከመሸ በኋላ ደመና በሸፈነው ሰማይ ተነሣ። አውሮፕላኑ ሦስት ጄኔሬተሮች ሲኖሩት አንደኛው አስቀድሞ ተበላሽቶ ነበር፤ በዚያ ሁኔታ መብረር በጊዜው ደንብ የተፈቀደ ነበር። ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ በአንዱ ሞተር ላይ የእሳት ማስጠንቀቂያ መጣና አብራሪዎቹ ሞተሩን አጠፉት፤ ከእርሱ ጋር ሁለተኛው ጄኔሬተር ሄደ። የቀረው አንዱ ጄኔሬተር ጭነቱን ሁሉ ብቻውን መሸከም አልቻለምና እርሱም ከመስመር ወጣ። በዚህ ጊዜ የኮክፒቱ መብራትና አውሮፕላኑ ከአድማስ አንጻር ያለበትን ሁኔታ የሚያሳየው መሣሪያ በአንድነት ኃይል አጡ። በባትሪ የሚሠራ ተጠባባቂ መስመር ነበር፤ ለምን ሥራ ላይ እንዳልዋለ ግን መርማሪዎች ሊያረጋግጡ አልቻሉም። አውሮፕላኑ ከተነሣ ከአራት ደቂቃ ገደማ በኋላ በሳንታ ሞኒካ የባሕር ሰላጤ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 38 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

አንባቢ «ሞተሮቹ ሁለቱ እየሠሩ፣ ክንፉም ጤነኛ ሆኖ ሳለ መብራት ቢጠፋ ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ በጆሯችን ውስጥ ነው። በውስጠኛው ጆሮ የሚገኙት በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀለበታማ ቱቦዎች የሚሰማቸው የመዞር ፍጥነት ሲለወጥ ብቻ ነው። አውሮፕላን በዝግታ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ፈሳሹ ከቱቦው ጋር እኩል ይዞርና ሰውየው ቀጥ ብሎ እየበረረ ያለ ይመስለዋል። አድማስ በማይታይበት ጨለማ ይህን ስሕተት የሚያርመው ዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ የሚያርመው መሣሪያውን አንብቦ ነው። መሣሪያው ቢሠራም ካልበራ የለም ማለት ነው። ሠላሳ ስምንት ሰዎች ያለቁበትን ጉዳይ «የመብራት ብልሽት» ብሎ ማቅለል የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ የአሜሪካ ሕግ በትላልቅ የመንገደኛ ጄቶች ላይ ሦስተኛ የአድማስ አመልካች እንዲኖር ያዛል። ይህ መሣሪያ ኃይሉን ከጄኔሬተሮቹ ነጻ ከሆነ ምንጭ ማግኘት፣ ጄኔሬተሮቹ ሁሉ ከቆሙ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መሥራት፣ ሰው ሳይነካው በራሱ ሥራ መቀጠልና ለሁለቱም አብራሪዎች መታየት አለበት። በመጨረሻው ላይ አንዲት አጭር ሐረግ አለች፦ በበረራው ምዕራፍ ሁሉ በሚገባ የበራ መሆን አለበት ትላለች። ከደንቡ ሁሉ ለርዕሳችን የምትቀርበው ይህች ናት። የመሣሪያውን ኃይልና የመብራቱን ኃይል ለያይቶ ማሰብ እንደማይቻል በሕግ የተጻፈችበት ቦታ ነውና።

ባትሪው ስንት ደቂቃ ይሰጣል?

ነገሩን በቁጥር ለማየት ከትልቁ ጄት ይልቅ እንደ ሴስና 172 ያለ ባለ አንድ ሞተር የሥልጠና አውሮፕላን ይመቸናል። ባትሪው ባለ 24 ቮልትና ባለ 11 አምፒር ሰዓት ነው እንበል። ሁለቱን ስናባዛ 264 ዋት ሰዓት እናገኛለን። ባትሪ እያረጀ ስለሚሄድና በፍጥነት ሲራገፍ የሚሰጠው ኃይል ስለሚቀንስ 70 በመቶውን፣ ማለትም 185 ዋት ሰዓት ያህሉን ብቻ እንመን። አሁን የሚከተለውን ጭነት እናስብ፦ ሬዲዮዎችና የአቅጣጫ መሣሪያዎች 90 ዋት፣ የሰሌዳ መብራት 30 ዋት፣ የፍጥነት መለኪያው ቱቦ በበረዶ እንዳይዘጋ የሚያሞቀው ማሞቂያ 100 ዋት፣ የውጭ መብራቶች 100 ዋት። ድምሩ 320 ዋት ነው። 185ን ለ320 ብናካፍል 35 ደቂቃ ያህል ብቻ ይሆናል።

አብራሪው ማሞቂያውንና የውጭ መብራቶቹን ቢያጠፋ ጭነቱ ወደ 120 ዋት ወርዶ ጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል። አንድ ሬዲዮ ብቻ በ40 ዋት ትቶ የሰሌዳውን መብራት ወደ 10 ዋት ቢያደበዝዘው ደግሞ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ያገኛል። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተወሰዱ እንጂ የአንድ የተወሰነ አውሮፕላን አይደሉም፤ ሬዲዮው በሚያስተላልፍባት ቅጽበት ብዙ እንደሚበላም መዘንጋት የለበትም። ሆኖም ከስሌቱ አንድ ነገር ይታያል። የሰሌዳ መብራት ከባትሪው የሚወስደው ድርሻ ጥቂት ነው። ባትሪ ለመቆጠብ መጀመሪያ መጥፋት ያለበት ሙቀት የሚያመነጨው ነገር ሁሉ ነው፤ መብራቱ ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። ይህም ምጣድና አምፖል ባሉበት ቤት የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ላይ ከምናየው የተለየ አይደለም።

የሚነግር አምፖልና የማይነግር አምፖል

የድሮው ባለ ክር አምፖል ለቮልቴጅ እጅግ ስሱ ነው። ብርሃኑ ከቮልቴጁ 3.4 ርቢ ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ ይለዋወጣል ተብሎ ይሰላል። ጄኔሬተሩ ቆሞ መስመሩ ከ28 ወደ 24 ቮልት ሲወርድ፣ ቮልቴጁ የቀነሰው 14 በመቶ ብቻ ሲሆን ብርሃኑ ግን ወደ 59 በመቶ ይወርዳል። ባትሪው ደክሞ 20 ቮልት ላይ ሲደርስ የሚቀረው ብርሃን 32 በመቶ ያህል ነው፤ ቀለሙም ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫም ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ተማሪዎች ይህን በአሮጌ የእጅ ባትሪ በቀላሉ ሊያዩት ይችላሉ። ለአብራሪው ይህ ድክመት አንድ ጥቅም ነበረው፤ ሰሌዳው ራሱ ቀስ እያለ «ባትሪው እያለቀ ነው» እያለ ይነግረዋል። በእርሳስና አሲድ የሚሠራው ባትሪ እየተራገፈ ሲሄድ ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ስለሚወርድ ሁለቱ ተስማምተው ይሠሩ ነበር።

በጄቶች ላይ ለብዙ ዘመን ያገለገለው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ግን ሌላ ጠባይ አለው። እያንዳንዱ ክፍል 1.2 ቮልት ስለሆነ 20 ክፍሎች ተደርድረው 24 ቮልት ይሰጣሉ። ይህ ባትሪ እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ ቮልቴጁን ሳያወርድ ይቆይና ከዚያ በድንገት ይወድቃል። ለመሣሪያዎቹ መልካም ነው፤ ለማስጠንቀቂያ ግን አይበጅም። በዚህ ላይ ዛሬ ባለ ክሩን አምፖል እየተካ ያለው ኤል.ኢ.ዲ. ሲጨመርበት ማስጠንቀቂያው ፈጽሞ ይጠፋል። ኤል.ኢ.ዲ. የሚመገበው ቮልቴጁ ቢለዋወጥም የማያቋርጥ እኩል ፍሰት በሚሰጥ መቆጣጠሪያ ነውና፣ ባትሪው ሲዳከም ብርሃኑ አይቀንስም፤ መቆጣጠሪያው ሊሠራበት ከሚችለው ዝቅተኛ ቮልቴጅ በታች ሲወርድ ግን በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ የአዲስ ሰሌዳ አብራሪ ባትሪውን ከመብራቱ ሳይሆን ከቮልት መለኪያውና ከሰዓቱ ማንበብ ይኖርበታል።

ይህን ስል ኤል.ኢ.ዲ.ን ለመንቀፍ አይደለም። በ28 ቮልት 0.04 አምፒር የሚወስድ አንድ የተለመደ የሰሌዳ አምፖል 1.1 ዋት ያህል ይበላል፤ ከዚህም አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። መቶ አምፖሎች 112 ዋት ናቸው። ያንኑ ሰሌዳ በኤል.ኢ.ዲ. ለማንበብ የዚህ ጥቂት ክፍልፋይ ይበቃል። ክር ስለሌለውም ንዝረት አይበጥሰውም። የማደብዘዣው ዘዴም የተለየ ነው። ባለ ክሩ አምፖል የሚደበዝዘው ቮልቴጁን በመቀነስ ነው፤ በቀላሉ ዘዴ፣ በተለዋዋጭ ሬዚስተር ሲደበዝዝ፣ ከመብራቱ የተቀነሰው ኃይል በሬዚስተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ኤል.ኢ.ዲ. ግን ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት እየበራና እየጠፋ ሊደበዝዝ ይችላል። ከጊዜው አንድ አሥረኛውን ብቻ ከበራ ለዓይን አንድ አሥረኛ ብርሃን ሆኖ ይታያል፤ ከባትሪውም የሚወስደው ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። የብርሃኑ ቀለምም አይለወጥም።

ለምን ይደበዝዛል? የዓይንና የከፍታ ጉዳይ

ባትሪ ባይጎድልም እንኳ የኮክፒት መብራት በሌሊት ሁልጊዜ የደበዘዘ ነው። በዓይናችን ሬቲና ላይ በጨለማ የሚያዩት ዘንግ መሰል ሕዋሳት ሮዶፕሲን በተባለ ቀለም አማካይነት ይሠራሉ። ደማቅ ብርሃን ይህን ቀለም ያፈርሰዋል፤ እንደገና ሙሉ በሙሉ ለመገንባት 30 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ስለሆነም ለአንድ አፍታ ደማቅ መብራት ያየ አብራሪ የማኮብኮቢያውን ዳር ወይም በሩቅ ያለ ተራራ ለማየት ግማሽ ሰዓት ይቸገራል ማለት ነው።

ዘንግ መሰል ሕዋሳቱ ለቀይ ብርሃን ዕውር መሰል ስለሆኑ ለረጅም ዘመን የኮክፒት መብራት ቀይ ይደረግ ነበር። በሐሳብ ደረጃ ድንቅ ነው፤ በተግባር ግን በካርታ ላይ በቀይ የተጻፈው ሁሉ በቀይ ብርሃን ይጠፋል፤ ዓይንም በቀይ ብርሃን ቅርብ ያለን ጽሑፍ አጥርቶ ለማየት ይደክማል። ስለዚህ ዛሬ በአብዛኛው የሚመረጠው በጣም የደበዘዘ ነጭ ብርሃን ነው። በእኔ ግምት ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ቀለም የማይለይበት ሰሌዳ የማስጠንቀቂያውን ቀይና የጥንቃቄውን ብጫ አንድ አድርጎ ያሳያልና።

በአገራችን ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው ከፍታ ነው። ሬቲና ኦክስጅን በብዛት ከሚፈጁት የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው፤ የሌሊት እይታ ከ1,500 ሜትር ከፍታ ጀምሮ መድከም ይጀምራል ተብሎ ለአብራሪዎች ይነገራል። የቦሌ ማኮብኮቢያ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የመንገደኛ ጄቶች በተለመደው በረራ በውስጣቸው የሚይዙት አየር ከ2,400 ሜትር ከፍታ አየር እንዳይሳሳ ተደርገው ስለሚሠሩ፣ ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ ሰማይ ላይ የሚተነፍሰው አየር በከተማው ከተነፈሰው እምብዛም አይለይም። ሁለተኛው ነገር ምሽቱ ነው። ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ርቀት ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ፣ ከጠለቀች በኋላ ያለው ብርሃን ከ20 ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በሰሜን አውሮፓ በክረምት ጊዜ ጨለማው ለብዙ ጊዜ እየመጣ ነው፤ በእኛ አገር ግን ይወድቃል። በአመሻሽ የሚበር ሠልጣኝ መብራቱን የሚያስተካክልበት ጊዜ አጭር ነው።

ሞተሩም፣ ጄኔሬተሩም፣ ነዳጁም ሲያልቅ

እስካሁን የተነጋገርነው ጄኔሬተር ስለቆመበት አውሮፕላን ነው። ሞተሮቹ ሁሉ ሲቆሙስ? በትላልቅ ጄቶች ጅራት ውስጥ ረዳት ኃይል የሚያመነጭ ትንሽ ተርባይን አለ፤ እርሱም ግን የሚጠጣው ከዚያው ነዳጅ ነው። ነዳጅ ያለቀበት አውሮፕላን የሚቀረው ባትሪና ነፋስ ብቻ ነው። ነፋስ ስንል ከሆዱ ስር ወጥቶ በአየሩ ግፊት የሚሽከረከረውን የአደጋ ጊዜ ተርባይን ማለታችን ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961፣ ቦይንግ 767፣ በጠላፊዎች ተገዶ ነዳጁ እስኪያልቅ ከበረረ በኋላ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ በባሕር ላይ ለማረፍ የተገደደው በዚህ ሁኔታ ነበር። ከ175 ሰዎች 50ዎቹ ተርፈዋል። ካፒቴን ልዑል አባተና ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ሁለቱም ሞተሮች በጠፉበት አውሮፕላን ላይ የነፋስ ተርባይኑን ተጠቅመዋል። በ767 ላይ ይህ ተርባይን የሚያሽከረክረው የሃይድሮሊክ ፓምፕ ነው፤ መሪውን ያንቀሳቅሳል እንጂ ለሰሌዳው ኤሌክትሪክ አይሰጥም። ፍላፖቹን ለማውረድም ስለማይበቃ አውሮፕላኑ ወደ ባሕሩ የደረሰው በከፍተኛ ፍጥነት ነበር። ለተጠባባቂ መሣሪያዎች የሚቀረው የባትሪው ኃይል ብቻ ነው። ያን ዕለት ቀን ስለነበር አድማሱ ይታይ ነበር።

ተመሳሳዩ ዓይነት አውሮፕላን ከዚያ ቀደም ሐምሌ 16 ቀን 1975 ዓ.ም. በካናዳ ሰማይ ላይ፣ ነዳጁ በኪሎ ግራም ፈንታ በፓውንድ ተሰልቶ ኖሮ፣ በመንገድ ላይ አልቆበት ነበር። በጊዜው እጅግ ዘመናዊ የነበሩት የቴሌቪዥን መሰል መስኮቶች ሁሉ ጨለሙ፤ በአብራሪዎቹ ፊት የቀሩት ጥቂት የድሮ ዓይነት ክብ መሣሪያዎች ነበሩ። በእነዚያ ተመርተው በቀድሞ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ በሰላም አረፉ።

አዲስ ባትሪ፣ አዲስ ጣጣ

ባትሪው ብዙ ኃይል በትንሽ ክብደት እንዲይዝ የሚደረገው ጥረት ወደ ሊቲየም አድርሷል። የቦይንግ 787 ዋና ባትሪ ስምንት ክፍሎች ያሉት የሊቲየም አዮን ባትሪ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 2005 ዓ.ም. በቦስተን በቆመ፣ ጥር 8 ቀን ደግሞ በጃፓን በሚበር 787 ላይ ባትሪዎቹ ከመጠን በላይ ግለው ስለጨሱ አውሮፕላኖቹ በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገዱ። ቦይንግ ክፍሎቹን ይበልጥ ለያይቶ፣ ባትሪውን ጢሱ ወደ ውጭ በሚወጣበት የብረት ሣጥን ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ መንገደኞች ጭኖ በመጀመሪያ የበረረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 5 ቀን በለንደን ሂትሮው ቆሞ የነበረው የአየር መንገዱ 787 ጅራት አካባቢ የተነሣው እሳት ከዋናው ባትሪ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። የእንግሊዝ መርማሪዎች እንደደረሱበት፣ መነሻው የአደጋ ጊዜ ምልክት አስተላላፊው ትንሽ ባትሪ ሲሆን፣ ሽቦዎቹ በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። ብዙ ኃይል በትንሽ ሣጥን ሲታሸግ ሁለት የተቆነጠጡ ሽቦዎች ምን ያህል እንደሚያደርሱ የሚያሳይ ነው።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅት ስለ አውሮፕላን አሠራር ባወጣው 6ኛ አባሪ ላይ፣ በሌሊት ለሚበሩ አውሮፕላኖች ከሚያዛቸው ነገሮች መካከል ለበረራው ደኅንነት አስፈላጊ የሆኑ መሣሪያዎች ሁሉ መብራት ይገኝበታል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ያለ ሌላ ትእዛዝ ግን ከባትሪም፣ ከኢንቨርተርም፣ ከመስመር ክፍፍልም ጋር አይገናኝም። እያንዳንዱ የበረራ ሠራተኛ በመቀመጫው አጠገብ አንድ የእጅ ባትሪ ይኑረው ይላል።